ቀልድ ነው ሲሉን ምን እንመልስላቸው? ታዳጊዎችና የኢንተርኔት የጥላቻ ንግግር

የመክፈቻ ጥያቄ

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን ውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ። የ14 ዓመት ልጄ በክፍል ጓደኞቹ የቻት ግሩፕ የተላከ አንድ ምስል እያየ ሲስቅ አገኘሁት። ምስሉ የአንድን ማኅበረሰብ ሰዎች ፊት በነፍሳት አካል ላይ ለጥፎ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከሥሩ መድኃኒት እንዲረጭ የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ ነበረው። ምን እንዳሳቀው ስጠይቀው ቀልድ መሆኑን፣ ሁሉም እንደሚላላከውና እሱም ከማየት በቀር ያደረገው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ተቆጣሁ፤ ስልኩንም ለሁለት ቀን ወሰድኩበት። ከመለስኩለት በኋላ ግን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ እየደፋ ማስቀመጥ ጀመረ፤ እኔ ስገባ ስክሪኑን ያጠፋል፤ ምን እያየ እንደሆነ ስጠይቀውም ምንም ይለኛል። ከምስሉ ይበልጥ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። አንድ ታዳጊ የጥላቻ ንግግርን ከተራ ስድብና ከተራ ቀልድ ለይቶ እንዲያውቅ እንዴት ልንረዳው እንችላለን? ሲያየውስ ምን ያድርግ? በአራት ቀን ውስጥ 21 ምላሾች ደረሱኝ። ደጋግሜ ስላነበብኳቸውና ለሌላ ወላጅም ሆነ መምህር ይጠቅማሉ ብዬ ስለማምን፣ የሚያስቆጡትንም ሳላስቀር በቅደም ተከተላቸው እተርካቸዋለሁ።

ምላሽ 1 እና 2

የመጀመሪያዋ መላሽ ሁለት ታዳጊዎች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ቁጣዬን እንደሚረዱት በትሕትና ካስቀደሙ በኋላ፣ ልጁ ከቅጣቱ የተማረው ትምህርት ቢኖር ያየውን በወላጅ ፊት ማየት ስልክ እንደሚያስወስድ ብቻ መሆኑን ጻፉ። የእሳቸው ምክር አስቀድሜ ስለ ቅጣቱ ልጁን ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ስለ ምስሉ የምናወራው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ቁጣዬ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ እንዲሆን ነበር። ምክሩን ሳነብ ከበደኝ፤ ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነውና።

ሁለተኛው ምላሽ አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር፦ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ስማርት ስልክ አይሰጠው፤ ለመሆኑ 13 ዓመት ይበቃል ያለው ማን ነው? የሚል። ለዚህ ጥያቄ ዘግየት ብሎ መልስ ተሰጥቶበታል። ብዙዎቹ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች 13 ዓመትን ዝቅተኛ ዕድሜ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የወጣው የሕፃናት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከዚያ ዕድሜ በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ስለከለከለ ነው። ቁጥሩ ልጁ ለሚያየው ነገር መብሰል አለመብሰሉን መርምሮ የተቀመጠ አይደለም።

ምላሽ 3

የሕግ ባለሙያ መሆናቸውን የገለጹ ሰው ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ስትራቴጂ ውስጥ፣ የጥላቻ ንግግር ማለት አንድን ሰው ወይም ቡድን በሃይማኖቱ፣ በብሔረሰቡ፣ በዜግነቱ፣ በዘሩ፣ በቆዳ ቀለሙ፣ በትውልዱ፣ በጾታው ወይም በሌላ ማንነቱ ምክንያት በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በድርጊት የሚያጠቃ፣ የሚያዋርድ ወይም የሚያገል መልእክት ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 20 መሠረት ግን መንግሥታት በሕግ እንዲከለክሉ የሚገደዱት፣ ጥላቻው ወደ መድልዎ፣ ወደ ጠላትነት ወይም ወደ ጥቃት የሚያነሳሳ ሲሆን ነው። በመሆኑም የጥላቻ ንግግር ሁሉ ወንጀል እንዳልሆነ፣ ወንጀል ያልሆነ ሁሉም ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ አስገነዘቡ። ከሁሉ የጠቀመኝ ለልጅ ሊነገር የሚችለው ምሳሌያቸው ነው። አንድ ልጅ ጓደኛውን ደደብ ቢለው ባለጌ ነው፤ የእናንተ ወገን ሁሉ ደደብ ነው ቢለው ግን ስድቡ ጓደኛውን አልፎ፣ እዚያ ለሌሉ፣ ለማያውቃቸውና ምንም ላልበደሉት ሰዎች ይደርሳል።

ምላሽ 4

በዚህ ላይ አንዲት መምህርት ለሕግ ባለሙያው ያላቸውን አክብሮት ሳይሸሽጉ ተቃውሞ አቀረቡ። ታዳጊው ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ለአንድ ምስል የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ዳኛ እንዲሆን አንጠብቅበት አሉ። ሆኖም ዳኞች የሚጠይቁትን ወደ ልጅ ቋንቋ መመለስ ይቻላል ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በሞሮኮዋ ራባት ከተማ የጸደቀውን የድርጊት መርሐ ግብር አስታወሱን። ይህ ሰነድ አንድ ንግግር ከወንጀል ደረጃ መድረሱን ለመመዘን ስድስት ነገሮች እንዲታዩ ይጠይቃል፤ እነርሱም ንግግሩ የተነገረበት ሁኔታ፣ የተናጋሪው ማንነትና ተሰሚነት፣ ዓላማው፣ ይዘቱና አቀራረቡ፣ የስርጭቱ ስፋት እንዲሁም ጉዳት የማስከተል ዕድሉ ናቸው።

መምህርቷ ከእነዚህ ውስጥ ለተማሪዎቻቸው ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አውጥተዋል። ይህ መልእክት ስለ ማን ነው? ምን ናቸው እያለ ነው? እኔስ ምን እንዳደርግ ወይም ምን እንዲሰማኝ ይፈልጋል? ክፍል ውስጥ ስምና ፎቶ የተሰወረባቸው መልእክቶችን በወረቀት አትመው ያድላሉ፤ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ስድብ፣ አስተያየት ወይም የጥላቻ ንግግር እያሉ ይለያሉ። ቡድኖቹ አንድም ጊዜ ተስማምተው አያውቁም፤ መምህርቷም እንዲስማሙ አይፈልጉም፤ ልጆቹ ለምን እንደዚያ እንዳሉ እርስ በርስ ሲከራከሩ የሚሰሙት ነገር እሳቸው ለአንድ ወር ቢያስተምሩ የማይገኝ ነው ብለው ጽፈዋል።

ሦስቱን ጥያቄዎች ልጄ በሳቀበት ምስል ላይ ሞከርኳቸው። ስለ ማን ነው? ስለ አንድ ሕዝብ ነው። ምን ናቸው ይላል? ተባይ ናቸው ይላል። ምን እንድናደርግ ይፈልጋል? እንድናጠፋቸው። ምስሉን ብዙ ጊዜ አይቼው ሳለ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዲህ አላነበብኩትም ነበር፤ ታዲያ ልጄ በሦስት ሰከንድ ውስጥ እንዴት ያንብበው?

ምላሽ 5 እና 6

አንድ አባት የተሰወሩ ምልክቶችን እንዴት መለየት እንደሚቻል ጠየቁ፤ በቃል ያልተነገረ ጥላቻ በኢሞጂ፣ በቁጥርና ሆን ተብሎ በተዛባ ፊደል እንደሚላክ ከልጃቸው ሰምተዋልና። መልሱ በምላሽ 6 መጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በትዊተር ላይ ጸረ አይሁድ ቡድኖች የአይሁዳውያንን ስም በሦስት ድርብርብ ቅንፍ ((( ))) ውስጥ እያስገቡ ለጥቃት ምልክት ያደርጉበት ነበር፤ ይህንኑ በራሱ የሚሠራ፣ በጉግል ክሮም ብራውዘር ላይ የሚጫን ማሟያ ፕሮግራም እንኳ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጉግል በዚያው ዓመት አነሳው። ከዚያም ብዙ ሰዎች፣ አይሁዳውያን ያልሆኑትም ጭምር፣ በገዛ ፈቃዳቸው ስማቸውን በዚያው ቅንፍ ውስጥ በማስገባት ምልክቱን ትርጉም አሳጡት። መላሹ ከዚህ ያወጡት ሐሳብ የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር ለልጅ መስጠት እንደማያዋጣ ነው። ዝርዝሩ ተጽፎ ሳያልቅ ያረጃል፤ አዲሱን ምልክት ከእኛ ቀድመው የሚያውቁት ልጆቹ ስለሆኑ፣ እንዲያስረዱን ብንጠይቃቸው ይሻላል።

ምላሽ 7 እና 8

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ጨዋ ነበር። ሰባተኛው መላሽ ሁላችንንም ወረፉን። ልጆችን በየቃሉ እንዲደነግጡ አድርገን እያሳደግን እንደሆነ፣ እሳቸው ግን በልጅነታቸው ከዚህ የባሰ ተሰድበው ምንም እንዳልሆኑ፣ የጥላቻ ንግግር የሚባለውም ሰውን ዝም ለማሰኘት የተፈጠረ ስም እንደሆነ ጻፉ። ስምንተኛው መላሽ ደግሞ ክርክሩን ትተው የሰውየውን የትምህርት ደረጃና አስተዳደግ ሰደቡ። አወያዩ የስድቡን ክፍል አንስተው ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ስለ ጥላቻ ንግግር በምንወያይበት ቦታ ያ መሆኑ በጣም አሳዘነኝ፤ ልጄ ያንን ምላሽ ቢያነብ ኖሮ ከእኛ ምን ይማር እንደነበር አሰብኩ።

ምላሽ 9

ይህን ምላሽ ያነበብኩት ብዙ ጊዜ ነው። ጸሐፊዋ አሁን የ26 ዓመት ወጣት ናቸው። በ15 ዓመታቸው አንድ የክፍል ጓደኛቸው የእሳቸውን ወገን የሚያዋርድ ቪዲዮ 30 ያህል ተማሪዎች ባሉበት ግሩፕ ላከ። ስማቸው አልተጠራም፤ ነገር ግን ከዚያ ወገን የሆኑት በክፍሉ ውስጥ እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ሁሉም ያውቃል። ለሰባተኛው መላሽ በቀጥታና ያለ ቁጣ ሲመልሱ፣ ቪዲዮውን የላከውን ልጅ ከረጅም ጊዜ በፊት እንደረሱት፣ ያልረሱት ግን ከሥሩ የተደረደሩትን የሳቅ ኢሞጂዎች እንደሆነ ተናገሩ። ስንት እንደሆኑ ቆጥረው ነበር፤ 17 ነበሩ። በማግሥቱ ክፍል ሲገቡ የሚያስቡት ከእነዚያ 17 ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ ትኖርበት እንደሆነ ነበር።

በዚያው ምሽት አንድ ቅርበት ያልነበራቸው ልጅ ለብቻቸው በውስጥ መስመር ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈላቸው፤ ቪዲዮው ትክክል እንዳልሆነና ነገ አብሯቸው ሊቀመጥ እንደሚፈልግ። ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፈም፤ ምናልባት ፈርቶ ይሆናል አሉ። ለእሳቸው ግን ያ በቂ ነበር፤ ትምህርት ቤት ያላቋረጡትም በእሱ ምክንያት እንደሆነ ያምናሉ። ለልጅ ምን እናስተምረው ብዬ ስጠይቅ የፈለግኩት መልስ ይህ ነበር። ተሳዳቢውን መርታት ከ14 ዓመት ልጅ አቅም በላይ ነው፤ የተሰደበውን ሰው አለሁልህ ማለት ግን ይችላል።

ምላሽ 10 እና 11

ሰባተኛው መላሽ ተመለሱ። ለወጣቷ በተለይ ይቅርታ ጠይቀው፣ አንድ ስጋታቸውን ግን አልተዉም፤ ሥልጣንን፣ ፖሊሲን ወይም አንድን አስተሳሰብ መተቸት ጥላቻ ከተባለ ልጆቹ ማሰብን ይፈራሉ የሚል። በዚህ ነጥብ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሦስተኛው መላሽም ተስማምተውበታል። ልጅ ሐሳብን መንቀፍንና ሰውን በማንነቱ ማዋረድን እንዲለይ ካልረዳነው፣ ያልወደደውን ትችት ሁሉ ጥላቻ ብሎ መክሰስን ይለምዳል።

በ11ኛው ምላሽ 17ቱ ልጆች ለምን ሳቁ የሚለውን አንድ የሥነ ልቦና መምህር ያዙት። ቤተሰቡን በሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ በፈጸሙት ጭፍጨፋ ያጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄንሪ ታይፌል በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመውን ሙከራ ተረኩልን። ዕድሜያቸው 14 እና 15 የሆኑ ወንድ ተማሪዎች የትኛውን ሠዓሊ ይበልጥ እንደወደዱ ተጠይቀው በዚያ መሠረት በሁለት ቡድን እንደተከፈሉ ተነገራቸው፤ እውነቱ ግን ክፍፍሉ በዕጣ ነበር። ከዚያ ማንነታቸው ላልተገለጸ ልጆች ነጥብ እንዲያከፋፍሉ ሲጠየቁ ለራሳቸው ቡድን አድልዎ አደረጉ፤ የራሳቸው ቡድን የሚያገኘው ቢቀንስም እንኳ ከሌላው ጋር ያለው ልዩነት የሚሰፋበትን ምርጫ ወደዱ። እኛና እነሱ ለማለት ይህን ያህል ትንሽ ምክንያት ከበቃ፣ ለግሩፑ የሚስቅ ልጅ በውስጡ ጥላቻ የሞላበት ነው ብለን መደምደም አይገባም። ከወገኖቹ ላለመለየት ሲል ሳቀ፤ እንዲህ ያለውን ሳቅ ደግሞ አስቀድሞ ስሙን ካወቀው ሊገታው ይችላል።

ምላሽ 12፣ 13 እና 14

ሁለቱ ስለ መቆጣጠሪያ መተግበሪያዎችና ስለ ስልክ ዓይነቶች ተነጋገሩ፤ ከርእሱ ስለወጡ አወያዩ መለሷቸው። 14ኛው መላሽ ቀደም ሲል የመልእክት ማጣራት ሥራ የሠሩ ናቸው፤ የጻፉት ሁሉ ተግባራዊ ነው። መጀመሪያ ስክሪንሾት ማንሳት፣ ቀጥሎ ሪፖርት ማድረግ፣ ብሎክ ማድረግ በመጨረሻ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። ትልልቆቹ መድረኮች የጥላቻ ይዘትን ሪፖርት ያደረገው ማን እንደሆነ ለተከሳሹ አይነግሩም፤ ልጆች ይህን ስለማያውቁ ይፈራሉ። ዋትሳፕ ላይ አንድን ሰው ወይም ግሩፕ ሪፖርት ስናደርግ ወደ ኩባንያው የሚላኩት የመጨረሻዎቹ አምስት መልእክቶች ስለሆኑ፣ ከቆየን ጥፋቱ ያለበት መልእክት ሊያልፍ ይችላል፤ ያን መልእክት ብቻ ተጭኖ ይዞ ለይቶ ማመልከትም ይቻላል። የግሩፑ አስተዳዳሪም መልእክቱን ለሁሉም ማጥፋት ስለሚችል፣ አንዳንዴ ፈጣኑ መፍትሔ አስተዳዳሪውን ለብቻው ማነጋገር ነው። ዛቻ ካለበት፣ የልጁ ስም፣ አድራሻ ወይም ፎቶ ከወጣ ግን ጉዳዩ የአዋቂ ነው፤ ልጁ ብቻውን እንዳይዘው አጥብቀው አሳሰቡ።

ምላሽ 15 እና 16

አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ለመቃወም ብለን መልሰን ሼር የምናደርገውን ነገር አነሱ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣ ኢሞጂን ጨምሮ ለስሜት መግለጫዎቹ ከላይክ አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጥ እንደነበር በ2021 ይፋ በወጡ የውስጥ ሰነዶች ታውቋል፤ እንደተናደድን ለመግለጽ የነካናት ምልክት ልጥፉን ለብዙ ሰው ታደርሰው ነበር ማለት ነው። ቀጣዩ መላሽ እርማት ጨመሩ፤ የቁጣው ክብደት በ2020 ወደ ዜሮ ወርዷል። ሆኖም ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ከልጥፉ ሥር የሚጻፍ የተቃውሞ ኮመንትም ልጥፉን ሊያሰራጨው ስለሚችል፣ ልጁ ከመመለሱ በፊት መልሱን ማን እንዲያነበው እንደሚፈልግ ይጠየቅ።

ምላሽ 17

ይህን የጻፈው የ17 ዓመት ልጅ ነው። ስለ ታዳጊዎች 16 ምላሽ ሲጻፍ አንድም ታዳጊ እንዳልተጠየቀ አስተዋለ። እሱ ካያቸው ሁሉ የከፋው የጥላቻ መልእክት የመጣው ከክፍል ጓደኞቹ ሳይሆን ከዘመድ አዝማድ ግሩፕ እንደሆነ፣ ላኪዎቹ የሚያከብራቸው ትልልቅ ሰዎች እንደሆኑ፣ እናትና አባቱም አይተው ዝም እንዳሉ ጻፈ። እኛ በራሳችን ግሩፕ ያላደረግነውን እነሱ በክፍላቸው ግሩፕ እንዲያደርጉ ለምን እንጠብቃለን ሲል ጠየቀ። ለብዙ ሰዓት ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም አልመለስኩለትም።

ምላሽ 18 እና 19

አንድ የታሪክ መምህር ስለ ሩዋንዳ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሥርጭት የጀመረው ሚል ኮሊን የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ወጣቶችን የሳበው በሚወደድ ሙዚቃና በጨዋታ መልክ በሚቀርብ ወሬ ነበር፤ በዚያው ጨዋታ መካከል የቱትሲ ብሔረሰብ ሰዎችን በረሮ እያለ ይጠራ ነበር። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 1994 የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት ዓለም ያውቀዋል። በታንዛኒያዋ አሩሻ የነበረው የሩዋንዳ ጉዳይ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2003 ሁለት የጣቢያውን መሥራቾችና አንድ የጋዜጣ ባለቤት ጥፋተኛ አላቸው። ቀጣይዋ መላሽ የአንድ ክፍል ልጆችን ቀልድ ከዘር ማጥፋት ጋር ማነጻጸር ማጋነን ነው ብለው በቁጣ ተቃወሙ። መምህሩ በረጋ መንፈስ ያብራሩት በዚያው 18ኛ ምላሽ ላይ ማስተካከያ በማስገባት ነው። ልጆቹን ገዳይ ማለታቸው አልነበረም፤ ሰውን ተባይ ብሎ መጥራት በታሪክ ውስጥ ምን እንዳስከተለ ያላወቀ ልጅ ምስሉን ሲያይ የሚያየው ነፍሳት ብቻ ነው። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ለልጅ ማንሳት ያለብን ለማስደንገጥ ብለን መሆን የለበትም።

ምላሽ 20 እና 21

ቀሪዎቹ ሁለቱ ስለ መመለስ ነበሩ። በዙሪክ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሙከራ በትዊተር ላይ የጥላቻ መልእክት የጻፉ 1,350 ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው፣ ለአንዳንዶቹ በተለያየ መንገድ ምላሽ ሰጥተው፣ ለሌሎቹ ደግሞ ምንም ሳይመልሱ ውጤቱን ተከታተሉ። ቀልድና ማስጠንቀቂያ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጡም፤ በቃሉ የሚጎዳውን ሰው ስሜት እንዲያስቡ የሚጋብዝ መልስ ግን፣ ውጤቱ ትንሽ ቢሆንም፣ አንዳንዶቹ መልእክታቸውን እንዲያጠፉና ከዚያ በኋላም እንዲቀንሱ አድርጓል። የመጨረሻዋ መላሽ ላኪው የራሴ ልጅ ቢሆንስ ብለው ጠየቁ፤ ለራሳቸውም መለሱ። ሴት ልጃቸው የላከችውን አጥፍታ በዚያው ግሩፕ ስህተቷን እንድትናገር አደረጉ፤ ስትጽፍም አጠገቧ ተቀመጡ።

እኔ ያደረግሁት

ልጄን ስለ ስልኩ ይቅርታ ጠየቅሁት። ምንም አልመለሰም። የመምህርቷን ሦስት ጥያቄዎች ግን ነገርኩት፤ የዘጠነኛዋን ወጣት ታሪክም ስሟን ስለማላውቅ እንዲሁ አንዲት ልጅ ብዬ አጫወትኩት። 17 ሰው ሳቀ ስል ቀና ብሎ አየኝ።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ስልኩን ይዞ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ያሳየኝ ምስል ከክፍሉ ግሩፕ የመጣ አልነበረም። በቤተሰባችን ግሩፕ ታላቅ ወንድሜ ያስተላለፉት ሲሆን፣ እኔም ከሦስት ቀን በፊት አይቼው አልፌዋለሁ። ልጄ ሦስቱን ጥያቄዎች በየተራ አንስቶ ራሱ መለሳቸው፤ ከዚያም አጎቱን ምን እንደምላቸው ጠየቀኝ። አጠገቤ ተቀምጦ እያየ ለወንድሜ በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸው፤ እንደማከብራቸው፣ የተባሉት ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሰማቸው እንዲያስቡልኝና ምስሉን እንዲያጠፉት። መልእክቱን አይተውታል፤ እስካሁን አልመለሱልኝም። ልጄ በየምሽቱ መልስ መጣ ወይ እያለ ይጠይቀኛል።